«የለም በያት»

ዶክተሯ የእህቴን ደረት አዳምጣ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ እናቴ አዞረችና ጥያቄ ጀመረች። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ? የለም። ድመት ወይም ውሻ አላችሁ? የለንም። ምንጣፍ አለ? ሳሎን ውስጥ አንድ አለ። አይጥ ወይም በረሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ማስተርጎሙ የእኔ ሥራ ነበር። በስልክ አስተርጓሚ ሊያቀርቡልን ጠይቀውን ነበር፤ እናቴ ግን «የማላውቀው ሐበሻ የቤቴን ገመና እንዲሰማ አልፈልግም» ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ ጥያቄውን በአማርኛ ደገምኩላት። «በረሮ አለ ወይ እያለች ነው።»

እናቴ ዶክተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ሻርፗን አስተካከለች። ከዚያ «የለም በያት» አለችኝ።

አልኳት። የዘጠኝ ዓመቷ እህቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ሁለታችንንም ታየን ነበር። እሷ ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች። ያን ዕለት ጠዋት ከቁርስ ሳህኗ ሥር በረሮ ሮጦ ሲወጣ የጮኸችው ራሷ ነበረች።

ስለ በረሮ መጻፍ ደስ የሚል ነገር አይደለም። እዚህ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ምርቃት፣ ስለ ሥራ ፍለጋ፣ ስለ አገር ቤት ጉዞ ነው። ግን ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይሄ ነገር ነው። ደግሞም ከማኅበራችን አባላት ቢያንስ ለአንዱ ዕዳ አለብኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ ሰፈር ነው። ቤቱ በ1920ዎቹ ከተሠሩት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ከተደረደሩት የጡብ ቤቶች አንዱ ነው። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ውስጡ ግን አርጅቷል። ደረጃው ሲረገጥ ይጮኻል፣ የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ቀለም በቀለም ላይ ስለተደራረበበት በሩ አይገጥምም፣ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር የውኃ ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ ደግሞ ከቧንቧው እጥፍ ይሰፋል። በዚያ ቀዳዳ የጎረቤታችን ሬዲዮ ይሰማናል። የእኛም ወሬ ለእነሱ ሳይሰማ አይቀርም።

ማይክሮዌቩ ወደ ቤታችን የገባው በኦገስት መጨረሻ ነው። ወቅቱን ታውቁታላችሁ፤ የተመረቀው ይሄዳል፣ አዲሱ ይመጣል፣ ፍራሽ፣ የሩዝ ማብሰያና ጠረጴዛ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከተማ ሊለቁ የተዘጋጁ ባልና ሚስት «ሳይሸጥ በነፃ ውሰጂው» አሉኝ። መርቄያቸው፣ አቅፌው በአውቶቡስ ይዤው መጣሁ። እናቴም ደስ ብሏት በጨርቅ ወለወለችውና ከምጣዱ አጠገብ አስቀመጠችው።

ኖቬምበር ላይ የመጀመሪያውን አየን። ትንሽ፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከአንገቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ነው። በሳምንቱ አምስት ሆኑ። ከዚያ መቁጠር አቆምን።

እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሌላ ሰው የተኛበትን አንሶላ ቀኑን ሙሉ ስትቀይር ውላ፣ ማታ ደግሞ የራሷን ወጥ ቤት በበረኪና ታጥባለች። ቤቷ የሚታማ ሴት አይደለችም። ስለዚህ በረሮው የመጣባት እንደ ተባይ ሳይሆን እንደ ስድብ ነው። መጀመሪያ ያደረገችው አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ፍሊት ገዛች። ማታ ማታ ከመተኛታችን በፊት ጥጋጥጉን ትነፋዋለች፣ ጠዋት የሞተውን ትጠርጋለች። በሦስተኛው ሳምንት በረሮዎቹ ወጥ ቤቱን ትተው ሳሎንና መኝታ ቤት ገቡ። ቀጥላ ክፍሉን ዘግተው የሚያጨሱበትን፣ ሰዎች «ቦምብ» የሚሉትን ቆርቆሮ አመጣች። ሦስት ሰዓት ውጭ ቆይተን ስንመለስ ቤቱ ይሸታል፣ ሳህኑም ጠረጴዛውም ቀጭን ቅባት ለብሷል፣ እህቴ ታስላለች። በረሮዎቹ በማግስቱ ማታ ነበሩ።

ከዚያ ቡናው ቀረ። እናቴ በወር አንድ ቅዳሜ ጓደኞቿን ቡና ትጠራለች፤ ከዚህ አገር ኑሮዋ የምትወደው ብቸኛው ሰዓት ያ ይመስለኛል። የመጨረሻው በዲሴምበር ነበር። እንጀራው ቀርቦ፣ የመሶቡን ክዳን ስታነሳ ከስፌቱ መሃል አንዱ ወጥቶ በጠርዙ ዞረና ተመልሶ ገባ። አራት እንግዶች ነበሩ። ሁሉም አዩ፣ ማንም ያየ አልመሰለም። አንዷ ስለ በረዶው ማውራት ጀመረች። ሌላዋ እንጀራውን አንስታ፣ «ውይ፣ እንዴት ያምራል» ብላ ጎረሰች። ጨዋነት ነው። እናቴን ላለማሳፈር ያን ጉርሻ የዋጠችበትን ፍቅር አልረሳውም። ግን እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ መሶቡን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልላ በረንዳ ላይ አወጣችው። በጃንዋሪም በፌብሩዋሪም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያለች ማንንም አልጠራችም።

በዚሁ መሃል ለእናቴ ልደት አዲስ ማይክሮዌቭ ገዛሁላት። አሮጌውን የስፕሪንግ ሴሚስተር ሲጀምር በማኅበራችን የእቃ መለዋወጫ ቀን ይዤው ሄድኩ። ከሌላ ኮሌጅ ተዘዋውሮ የመጣ አንድ ልጅ፣ ያን ሰሞን ክፍል የተከራየ፣ «በጣም ይሠራልኛል» ብሎ ወሰደው። አመሰገነኝ። እኔም «በደስታ ተጠቀምበት» አልኩት። ቤታችን በረሮ እንዳለ አውቅ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩትም።

የእህቴ ሳል በክረምቱ ባሰ። ማታ ማታ ደረቷ ያፏጫል፣ ተነስታ ትቀመጣለች። አስም እንዳለባት ከሕፃንነቷ ጀምሮ እናውቃለን፤ እንዲህ ግን አልነበረም። ክሊኒክ የሄድነው ለዚህ ነው። እዚያም «የለም በያት» ተባልኩ፣ እኔም የለም አልኩ። ዶክተሯ ጠንከር ያለ ኢንሄለር አዘዘችልንና ተመለስን።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን ስለ በረሮ ጠየቀች ብዬ ላይብረሪ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። በረሮ የሚጥለው ኩስ፣ ምራቁና የሞተ አካሉ ደቅቆ ከቤት አቧራ ጋር ይቀላቀላል፣ ለአስም ሕመምተኛም አለርጂ ይሆናል። በ1997 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በከተማ መሃል የሚኖሩ አስም ያለባቸውን ልጆች ተከታትሎ ነበር። ለበረሮ አለርጂ ያላቸውና መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ብዙ የበረሮ አቧራ የተገኘባቸው ልጆች ሆስፒታል የመተኛታቸው መጠን ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ የጠየቀችው የእናቴን ንጽሕና ለመመዘን አልነበረም። መድኃኒቱን ለማግኘት ነበር። እኔ ደግሞ በሁለት ቋንቋ ደበቅኩባት።

ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ በቀስታ፣ «ቆሻሻ ናት ይሉኛል። ልጅ ማሳደግ አትችልም ብለው ቢወስዷትስ?» አለችኝ። ይህን ፍርሃት ስንት ወር ብቻዋን እንደተሸከመችው አላውቅም። «እማዬ፣ የጠየቀችሽ ስለ ቤትሽ አይደለም፣ ስለ ልጅሽ ሳንባ ነው» አልኳት። ቡናዋን ጠጥታ እስክትጨርስ አልተናገረችም። ስኒውን አስቀምጣ፣ «በይ ደውዪላት። ግን ዋሽተን ነበር አትበያት፤ አሁን ገና አየን በያት» አለች።

ደወልኩ። እናቴን አልሰማሁም፤ ባለፈው ስትጠይቂን አፍረን ነው አልኳት። ዶክተሯ አልተገረመችም። «ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል፤ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ለአለርጂ ምርመራ ቀጠሮ ሰጠችን። ውጤቱ ሲመጣ እህቴ ለበረሮ አለርጂ እንዳላት ታወቀ። ማንም ሊወስዳት አልመጣም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው የኖርኩት። እንዲህ ቃል በቃል የሚሠራ ግን አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠላታችንን ማወቅ ጀመርን። ቤታችን የገባው «የጀርመን በረሮ» የሚባለው ነው። በ1767 ሊኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ሳይንቲስት ያን ስም ሰጠው እንጂ የጀርመን አይደለም። ሩሲያዎች የፕሩሲያ በረሮ ይሉታል፣ ጀርመኖች ደግሞ በተራቸው ሩሲያዊ ብለውታል። በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ከእስያ በረሮ የተለየው ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሕንድ ወይም በምያንማር አካባቢ መሆኑን አሳየ። ትልቁ «የአሜሪካ በረሮ» የሚባለውም የመጣው ከአፍሪካ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እንግዲህ እሱም እንደኛ ስደተኛ ነው በይኛ!» አለች። እኔን የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። አገር ሁሉ በረሮውን በጎረቤቱ ስም ይጠራዋል። የእኔ ነው ያለ የለም።

ሥራው ላይ እንምጣ፤ አሁን ቤታችሁ ውስጥ ያለባችሁ ሰዎች ይህን ክፍል እንደምትጠብቁት አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ፍሊቱን አቆምን። መርጫው የነካውን ይገድላል፣ የቀረውን ግን ወደ ግድግዳ ውስጥና ወደ ሌላ ክፍል ይበትነዋል። ስለ «ቦምቡ» ደግሞ በ2019 የሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች በሰው ቤት ሞክረው፣ የበረሮውን ቁጥር እንደማይቀንስ፣ መርዙ ግን ጠረጴዛና ወለል ላይ እንደሚቀር ጽፈዋል። እኛ ያን በራሳችን ሳህን ላይ አይተነዋል።

ሁለተኛ፣ ቆጠርን። የሚያጣብቅ የካርቶን ወጥመድ ከፍሪጁ ኋላ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ከማጠቢያው ሥርና ከመታጠቢያ ቤቱ አስቀመጥን። በመጀመሪያው ሳምንት 61 ተያዙ። አብዛኞቹ የተገኙት ከፍሪጁ ኋላ ነው። በረሮ ሙቀት፣ እርጥበትና ጠባብ ቦታ ይወዳል። የፍሪጅ ሞተር ሌሊትም ይሞቃል። የማይክሮዌቭ ሰዓትም እንደዚሁ። ይህን ሳነብ ነው ኦገስት ላይ አቅፌ ያመጣሁት ሳጥን ትዝ ያለኝ።

ሦስተኛ፣ የሚበላ መርዝ አደረግን። በሲሪንጅ የሚመጣ ጄል ነው። በቁም ሳጥን ማጠፊያ፣ በመሳቢያ ውስጥ ጥግ፣ በቧንቧው ዙሪያ፣ የጤፍ ፍሬ ሳይሆን የሩዝ ፍሬ ታህል ጠብ እያደረጉ በብዙ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የበላው ወደ ጎሬው ተመልሶ ይሞታል። በረሮ ደግሞ የሌላውን ኩስና ሬሳ ስለሚበላ መርዙ ወጥተው ወደማይታዩት፣ ወደ ትንንሾቹም ይደርሳል። ጄሉ ባለበት ፍሊት ከተነፋ ግን አይበሉትም። እናቴን ማስተው ያቃተኝ ይሄ ነበር፤ እጇ ወደ ፍሊቱ ይሄድባታል። በመጨረሻ ቆርቆሮውን ደብቄባት ነው።

አራተኛ፣ ምግብና ውኃ ነሳናቸው። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ተጠገነ። ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ በርበሬው ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ገባ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ገልብጠን ሥሩን ስናየው ሁለታችንም ዝም አልን፤ ስንት ዓመት የተንጠባጠበ ሊጥ እዚያ ደርቋል። በየጋገርን ቁጥር ማንሳት ለመድን። መሶቡን በጥብቅ አሽገን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገብተን ብዙ ቀን አቆየነው፤ ከዚያ በብሩሽ ጠረግነው። እንጀራው ግን እስካሁን የሚቀመጠው ክዳን ባለው ፕላስቲክ ነው።

አምስተኛ፣ ከሁሉ የከበደው፣ መናገር ነበር። እናቴ ለአከራያችን መንገር አልፈለገችም፤ ያስወጣናል ብላ ፈራች። በዋሽንግተን ሕግ አከራይ ስለ ቤቱ ችግር ያመለከተን ተከራይ በዚያ ምክንያት መበቀል አይችልም። ይህን አሳይቻት በጽሑፍ፣ ከነፎቶው ላክንለት። እያጉረመረመም ቢሆን ሰው ልኮ ቧንቧውን አስጠገነ፣ ቀዳዳዎቹንም በሲሊኮን አስደፈነ።

ግን ግድግዳው የሁለት ቤት ነው። በእኛ በኩል ብንደፍን በእነሱ በኩል ክፍት ነው። ጎረቤታችን ከኤል ሳልቫዶር የመጣች፣ ከእናቴ የምትበልጥ ሴት ናት። ስድስት ዓመት ሰላምታ ብቻ ነበርን። እናቴ አንድ እሑድ ዳቦ ጋግራ፣ እኔን አስከትላ በሯን አንኳኳች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጀመር ስላቃታት በጣቷ ጠረጴዛው ላይ የሚሮጥ ነገር አሳየቻት። ሴትየዋ አፏን በእጇ ይዛ፣ «ኩካራቻ!» አለች፤ ከዚያ በፍጥነት በስፓኒሽ ብዙ ነገር ተናገረች። ልጇ ተረጎመችልን። «እናቴ ከእኛ ነው የሚሄድባችሁ ብላ አፍራ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከእናንተ ስትሸሽ ነበር እያለች ነው።»

ሁለት እናቶች በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ፣ በየማታው ፍሊት እየነፉ፣ አንዷ ወደ ሌላዋ እያባረረች ነበር የከረሙት። አስተርጓሚዎቻቸው ሁለት ልጆች ነበርን፣ እኔና የሴትየዋ ልጅ። ያን ዕለት ግን እኔም እሷም የተባልነውን ሁሉ እንደተባለ ተረጎምን።

በአንድ ቀን ሁለቱም ቤት ጄል ተደረገ። ሴቷ በረሮ በአንድ ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ትይዛለች፣ ሊፈለፈሉ እስኪደርሱም ተሸክማቸው ትዞራለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ አድርጎ መተው ዋጋ የለውም፤ በየሁለት ሳምንቱ አደስነው። ከ61 ወደ 38፣ ወደ 17፣ ወደ 4 ወረደ። በጁን መጨረሻ ወጥመዶቹ ሁለት ሳምንት ባዶ ሆኑ። አንድ አሁንም አልፎ አልፎ ይታያል፤ አሮጌ ቤት ነው። እህቴ ኢንሄለሯን አልጣለችም፤ ሌሊት ግን ትተኛለች። እኛም እንተኛለን።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ማይክሮዌቩን ለወሰደው ልጅ መደወል ከዶክተሯም፣ ከአከራዩም ይልቅ ከበደኝ። ሁለት ሳምንት ቁጥሩን አወጣሁ፣ ዘጋሁ። በመጨረሻ ማርች ላይ ደወልኩለት። «የሰጠሁህ ማይክሮዌቭ በረሮ ይኖርበት ይሆናል። ስሰጥህ ቤታችን እንዳለ አውቅ ነበር። አልነገርኩህም፣ ይቅርታ» አልኩት።

ዝም አለ። የሚቆጣ መሰለኝ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ ከእኔ የመጣ መስሎኝ ነበር» አለ። አብሮት የሚኖረው ፈረንጅ አይቶ «ምን ዓይነት ምግብ ነው የምታስቀምጠው?» ብሎት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ወጥ መሥራት እንደተወ ነገረኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሳንድዊች ብቻ ሲበላ ከርሟል። ወንድሜ በሆነ ልጅ ላይ ያደረግኩት ይሄ ነው። የሰጠሁት ማይክሮዌቭ ብቻ አልነበረም፤ ዝምታዬን አብሬ ሰጥቼው፣ እሱ ደግሞ ወደ ኀፍረት ለወጠው።

በማግስቱ የቀረ ጄልና ወጥመድ ይዤ ሄድኩ። አብረን አደረግነው። ለአብሮ ኗሪው ከየት እንደመጣ ራሴ ነገርኩት። ማይክሮዌቩን በፕላስቲክ ጠቅልለን፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይወስደው በትልቁ ጽፈንበት ጣልነው። ከዚያ ልጁ ወጥ ሠራ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ በላሁት፣ ብዙ ነው ብዬም ነገርኩት።

ለእኔ የሰጡኝን ባልና ሚስት አልወቅሳቸውም። ምናልባት አያውቁም ነበር፤ ምናልባትም እንደኔ አፌ ላይ ደርሶ ነበር ይላሉ። ኦገስት ደግሞ ሊመጣ ነው። የእቃ መለዋወጫ ቀናችን ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ወረቀት አስቀምጣለሁ፤ ሰጪው በሁለት መስመር ዕቃው ከየት እንደመጣና ምን እንዳለበት የሚጽፍበት። በመጀመሪያው ላይ የራሴን እጽፋለሁ። እንደማያስጠላችሁ ተስፋ አለኝ።

እናቴ ባለፈው ቅዳሜ ቡና ጠርታ ነበር። ጎረቤታችንም ከነልጇ መጣች። እንግዶቹ ሲሰባሰቡ እናቴ መጀመሪያ፣ እጣኑ ሳይጨስ፣ «በረሮ ነበረብን፣ አሁን ተሻለን» አለች። ያቺ በዲሴምበር ዝም ብላ የጎረሰችው ጓደኛዋ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «እኔም ቤት አለ። ምን አድርገሽ ነው?» አለቻት።